እህቴ በምስጋና ቀበረችኝ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ የጥሩዓለም ሙት ዓመት ተዘከረ። ድንኳኑ ከገበያው ጀርባ፣ ከአሮጌው ቤት ደጅ ላይ ተተከለ፤ የሰፈሩ ሰው አንድ ሳይቀር መጣ። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ እየተነሡ ስለ ደግነቷ ተናገሩ። አንዷ አብልታኛለች አለች፤ አንዱ አስታርቃኛለች አለ። ተራው ወደ እኔ ሲደርስ «የምለው የለኝም» አልሁ። ለደብሩ አዲስ የሆኑት የንስሐ አባቷ ቅር ብሏቸው «ምነው ወይዘሮ እናኑ፣ የእናትዎ ልጅ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። «ስለሆነች ነው አባ» አልኋቸው። ከጎኔ የተቀመጠችው አዲስ ጎረቤት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ «ሙት አይወቀስም» ብላ አንሾካሾከች። ይህችን ቃል ከእህቴ አፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋትና ምን እንዳደረገችኝ ብታውቅ ኖሮ ዝም ባለች ነበር። እዚያ አልተናገርሁም። እዚህ እናገራለሁ።

ከዚህ ከደብረ ታቦር የወጣሁት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው ብል ይበቃል። ዓመተ ምሕረቱን ማስታወስ አልፈልግም፤ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። የተበተነው ወታደር በአስፋልቱ ዳር ሲያልፍ፣ ከስክስ ጫማውን በእንጀራ ሲለውጥ አስታውሳለሁ። ሴቱ ሁሉ ኮንጎ ጫማ ያደርግ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ፕላስቲኩን ድንጋይ ያደርገውና ተረከዛችንን ይልጠዋል። ደህና ኑሮ ያላት ሽፎን ሻሽ ታስራለች፤ የሌላት የጎረቤቷን ተውሳ ሠርግ ትሄዳለች። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ አንድ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የማሲንቆ ዘፈን ይለቅብናል። ከአገሩ ስለ ራቀ ሰው የሚዘፈን አንድ ዘፈን ነበር፤ ቦኖ ውሃ ላይ ተሰልፈን እሱን እየሰማን ደስ ይለን ነበር። አገሩን ትቶ የሄደ ሰው እኛ ዘንድ ዘፈን እንጂ ሰው አልነበረም። አሁን በዚያ መታጠፊያ የሞባይል መጠገኛ ተከፍቶበታል፤ ባጃጆች ይሰለፉበታል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ያልፋሉ። ምን እንደሚሰሙ እነሱ ያውቃሉ።

ቤቴ ባለ አንድ ክፍል፣ የቆርቆሮ ክዳን ቤት ነበር። ባሌ ሠራውና ዘመቻ ሄዶ በዚያው ቀረ። ልጄ ስመኝ የወተት ጥርሷ ገና መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። ድንች እየቀቀልሁ መናኸሪያ እሸጥ ነበር፤ በሚጥሚጣ የተለወሰ ትኩስ ድንች ያኔ ከአምስት ሳንቲም ጀምሮ ይበላል። ለተሳፋሪ ነው እንጂ ለእኔና ለልጄ የሚተርፍ አልነበረም። አንዲት ደላላ ከባሕር ዳር መጣችና ዓረብ አገር ሥራ አለ አለችኝ። ለእህቴ ብነግራት እንደማትለቀኝ አውቃለሁ። ጥሩዬ ታላቄ ናት። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የራሷ ልጅ አልነበራትም፤ እኔን እንደ ጥጃ ካጠገቧ አስራ ማኖር ትወድ ነበር። ስለዚህ «ሐሙሲት ገበያ ሽንኩርት ላመጣ ነው» ብዬ ልጄን እሷ ዘንድ አሳደርኋትና ጎሕ ሲቀድ በአንድ ጭነት መኪና ጋቢና ሄድሁ። ልጄ ተኝታ ነበር። ብስማት ትነቃለች፤ ብትነቃ ታለቅሳለች፤ ብታለቅስ አልሄድም። አልሳምኋትም። ጥፋት ነው አልልም፤ የሆነውን ነው የምናገረው።

ስለዚያ አገር ብዙ አልናገርም። የከተማዪቱም ስም ይቅር። ቤቱ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ነበር፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ እመቤቲቱ በስሜ ሳይሆን ደስ ባላት ስም ትጠራኛለች። ወደ አገር ቤት ወሬ የምልክበት መንገድ አልነበረኝም። ዓመታት በዚያ አለፉ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። አንድ ቀን ጠዋት ስቅታ ያዘኝ። እኛ አገር ስቅታ ሲይዝ «ማን እያነሣኝ ይሆን?» ተብሎ የሰው ስም ይጠራል፤ ትክክለኛው ሲጠራ ስቅታው ይተዋል። የማውቀውን ሁሉ ጠራሁ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርቼ ጨረስሁ፤ ስቅታው አልተወኝም። ከሰዓት በኋላ ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ጨው ጨው አለኝ። ሻዩ ጨው፣ ሩዙ ጨው። የእመቤቲቱ የጠርሙስ ውሃ ሳይቀር ጨው ሆነብኝ። ጨው በዝቶበታል ብዬ ምግቡን ሁሉ ያለ ጨው ሠራሁ፤ እሷም ሳህኑን ፊቴ ላይ ደፋችው። ሦስት ቀን እንዲህ ሆኜ ተወኝ። ያኔ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው እያለቀሱልኝ እንደ ነበር በምን ልወቅ?

በመጨረሻ ለቀቁኝ። ባሕር ዳር ወርጄ ሚኒባስ ያዝሁ። ሐሙሲት ላይ ከወንዛዬ ፍል ውሃ የሚመለሱ ባልቴቶች ተሳፈሩ፤ ፀጉራቸው ገና እርጥብ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ስለ ወገብ በሽታቸው አጫወቱኝ፣ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እንግዳው ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ያነጋግረኛል። ነገሩ የተበላሸው ደብረ ታቦር ወርጄ የማውቀውን ሰው ሳገኝ ነው። ድሮ ቀሚሴን የሚሰፋልኝ ልብስ ሰፊ ደጁ ላይ መኪናውን እየረገጠ ነበር። «እንደምን ዋልህ» ብዬ ፊቱ ቆምሁ። በእኔ አሻግሮ መንገዱን አየና የክሩን ጫፍ በምራቁ አራሰ። ጨው የምትሸጠዋ ሴት ከትከሻዬ ጋር ተጋጭታ፣ ምን እንደ ነካት መሬት መሬቱን ፈለገች። ያኮረፉኝ መስሎኝ ነበር። ቦኖው ጋ ስደርስ ዘነቡን አገኘኋት። ዘነቡ ጠላቴ ናት፤ በውሃ ተራ ተጣልተን እንስራዬን የሰበረችብኝ ሴት ናት። ጀሪካኗን አስቀምጣ አፈጠጠችብኝ።

«አንቺ እናኑ አይደለሽም? አልሞትሽም እንዴ?»

«ማን ገደለኝ?»

«እህትሽ ናታ። ከዚያ አገር የመጣች አንዲት ሴት ከፎቅ ወድቃ የሞተች የደብረ ታቦር ልጅ አለች ብላ ብታወራ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሰው መጥቶ እስኪያረጋግጥ እንቆይ ሲሏት እምቢ አለች። ልቤ ነግሮኛል ብላ መርዶውን አስነገረች። አበባ ያለበትን ቀሚስሽን አልጋ ላይ ዘርግተው፣ ሻሽሽን ከራስጌው አድርገው፣ ከገጠር አልቃሽ አስመጥተው ነው የተለቀሰልሽ። ሰፈሩ እንባውን ጨረሰብሽ።» ከዚያ ሳቀች። «እኔ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ። አላለቀስሁልሽም። እንስራሽን ስሰብር ደስ ያለኝ ሴት ስትሞቺ ምን ብዬ ላልቅስ?»

በዚህ መሐል አንድ የማውቀው ገበሬ በጎቹን እየነዳ መጣ፤ በጎቹ ዞረውኝ አለፉ፤ እሱ ግን ዱላውን እግሬ ላይ ተክሎ ቆመና ላቡን ጠረገ። ዘነቡ አየችው፤ ሳቋ ጠፋ።

«ያለቀሰልሽ አያይሽም መሰለኝ» አለችኝ።

ቤቴ ደረስሁ። አጥሩ አዲስ ነው። እህቴ ደጅ ላይ ቆማ ስንዴ ታበጥራለች፤ ስመኝ ከእግሯ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። አድጋለች፤ አንገቷ የአባቷ ነው። «ስመኝ» አልሁ። ቀና አላለችም። «ስመኝ፣ እኔ ነኝ።» ከምስሩ ጠጠር አውጥታ ወረወረች፤ ጫማዬ ላይ አረፈ። የእህቴ ሰፌድ ግን ወደ ላይ የወረወረውን ስንዴ ሳይቀበል ቀረ። ስንዴው አፈር ላይ ተበተነ።

«ምነው አክስቴ?» አለች ልጄ።

«ነፋስ ነው። ሂጂ መጥረጊያ አምጪ።»

ልጅቱ ወደ ቤት እስክትገባ ጠብቃ፣ ጎንበስ ብላ ስንዴውን በእጇ እየሰበሰበች «መጣሽ?» አለችኝ።

«መጣሁ። ዘነቡ ያለቀሰልሽ አያይሽም አለችኝ። ልጄ አላየችኝም።»

«እሷማ ድምፅዋ እስኪዘጋ ነው ያለቀሰች።»

«አንቺስ ጥሩዬ? አንቺ እንዴት አየሽኝ?»

እጇ ቆመ። አሁንም ያ እጅ ዓይኔ ላይ አለ፤ የስንዴ ብናኝ የለበሰ፣ የማይንቀሳቀስ እጅ። «ለቅሶ ቤት ሥራው ብዙ ነው» አለች። «እንግዳውን ማን ያብላ? ድንኳኑን ማን ያስተክል? እኔም ላልቅስ ብል ማን ይይዘው ነበር?»

ይህን መልስ ስንት ዓመት እያላመጥሁት ኖርሁ። ከዚያች ቀን በፊት የማታለቅስ ሴት አልነበረችም፤ ላም ስትሞት ታለቅሳለች።

«ለልጄ ንገሪያት» አልኋት።

«ምን ልበላት? እናትሽ ደጅ ቆማለች፣ አንቺ ግን አታያትም ልበላት? ታብዳለች።»

«ቤቴ ነው፤ ልግባ።»

«ቤትሽ ነበር። ተዝካርሽን ያወጣሁበት ቤት ነው።»

ልጅቱ መጥረጊያ ይዛ ተመለሰች። እህቴ ቀና አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገችው። «እናትሽ እኮ ስንዴ ስታበጥር አንዲት ፍሬ አይወድቅባትም ነበር። የእጇ ነገር! ነፍሷን ይማረው።» የልጄ ዓይን እንባ ሞላ። መጥረጊያው በእግሬ ላይ አለፈ፤ አልተሰማትም። እኔ ስንዴ አበጥሬ አላውቅም። እኔ ድንች ሻጭ ነኝ።

ዘነቡ፣ ክፉ ናት እንጂ ውሸታም አይደለችምና፣ በሳምንቱ ልጄን መንገድ ላይ አስቁማ እናትሽ መጥታለች አለቻት። ልጄ እየሮጠች እኔ ከቆምሁበት ደጅ መጥታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ያዝኋት። «ነፋሱ በረደኝ» አለችና አለቀሰች፤ ከዚያ በፊት በሩን ስቆረቁር እንኳ «ማን ነው?» ትል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ቁርቁሩንም መስማት ተወች። አክስቷ ጠበል ወሰደቻት። እያንዳንዱ እንባ አፈር እንደሚጨምርብኝ ያኔ አወቅሁ፤ ዳግመኛ ለማንም ንገሩልኝ አላልሁም። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይቼ ወደ ድንቼ ተመለስሁ። የሚገዛኝ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ አላለቀሰልኝም። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ልጄን ለማየት እሄዳለሁ። እህቴ አጥሩ ሥር መቆሜን ስታውቅ ምስጋናዋን ትጀምራለች። እናትሽ ጾም አፍርሳ አታውቅም። እናትሽ ከሰው ተጣልታ አታውቅም። እናትሽ ድምፅዋ ከፍ ብሎ አይሰማም ነበር። በነጋ ቁጥር የማላውቃት ሴት ሆኜ አደርሁ። ልጄም አንዳንድ ጊዜ ልጅ አይደለች፣ «ታዲያ ለምን ትታኝ ሄደች?» ማለት ስትጀምር እህቴ ቶሎ ትይዛታለች። «ተይ። ሙት አይወቀስም።»

የዚህች ቃል ትርጉም የገባኝ በአያ ደምሴ መጥረቢያ ነው። አያ ደምሴ የአጥር ጎረቤታችን፣ አናጢ ናቸው፤ በለቅሶዬ ቀን ደረታቸውን ሲደቁ ውለዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠላ ቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥሁ፤ የማያየኝ ሰው አጠገብ መቀመጥ እየለመድሁት መጥቼ ነበር። አንድ ሰው መጥረቢያ ቢለምናቸው ተቆጡ።

«መጥረቢያ የለኝም። ያችን ደህናዋን የጥሩዬ እህት ተውሳ በልታታለች። ሙት ወቃሽ ካላችሁኝ በሉኝ። የሰው ዕቃ ሳይመልሱ አገር ጥሎ መሄድ ምን የሚሉት ነው?»

ይህን ብለው ጣሳቸውን ሊያነሡ ሲዞሩ ፊቴ ላይ አፈጠጡ። ጣሳው ከእጃቸው አልወደቀም፤ አያ ደምሴ ጠላ የሚደፉ ሰው አይደሉም።

«አንቺ» አሉኝ፣ «መጥረቢያዬስ?»

«ጥሩዬ ዘንድ ነው አያ ደምሴ። ከምድጃው ኋላ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን?»

«አንቱ ለምን አልጠየቁም?»

«ከሟች ቤት መጥረቢያ ይጠየቃል እንዴ?» አሉና ቆም ብለው እግሬን፣ እጄን፣ ፊቴን አዩ። «ለካ በደንብ አለሽ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። እኛ አገር የሞተ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። ያለቀሰልኝ ሰው ሁሉ ሲያመሰግነኝ እየራቅሁ ሄድሁ፤ አንዲት ወቀሳ ያወጣ ግን እንደ ሕያው ቆጠረኝና አየኝ። እህቴ ይህን ታውቅ ነበር? በዚህ ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ታውቅ ነበር ብዬ ደምድሜያለሁ፤ ማስረጃ የለኝም፤ ግን ደምድሜያለሁ።

አያ ደምሴን ለመንኋቸው። በልጄ ፊት ውቀሱኝ፤ ወቀሳ ይልመድባት አልኋቸው። ከአጥሩ ማዶ ቆመው ጮክ ብለው «እናትሽ መጥረቢያዬን በልታለች፤ የሰው ገንዘብ አታውቅም ነበር» አሏት። ልጄ ወደ ቤት ገባች፤ መጥረቢያውን ከምድጃው ኋላ አውጥታ መጣችና በአጥሩ ላይ አቀበለቻቸው። «ይኸው አያ ደምሴ። ሁለተኛ የእናቴን ስም እንዳያነሡ» አለቻቸው። እህቴ ከውስጥ «እንዲህ ነው የእኔ ልጅ» አለች። አያ ደምሴ መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ እኔ መጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ምን ላድርግሽ?» አሉኝ። በጨዋነት ያሳደገቻት እህቴ ናት። ይህንንም ያመሰግኗታል።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት አለፉ። አስፋልቱ ታደሰ፤ ኮንጎ ጫማ ጠፋ፤ ካሴት ቤቱ ሲዲ ቤት ሆነ። ልጄ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ሥራ የለም። ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጃገረዶች ጥቁር ልብስና የወርቅ ሐብል አድርገው ገበያ ላይ ሲያልፉ በዓይኗ ስትከተላቸው አየሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባለ ጎማ ሻንጣ እየጎተተች መናኸሪያ መጣች። እህቴ በሶ በጨርቅ ቋጥራ ከኋላዋ ትከተላለች። ረዳቱ ሻንጣውን ተቀብሎ ሚኒባሱ ላይ ጫነ። ልጄም ሰው እስኪሞላ ብላ የእኔ አግዳሚ ላይ፣ ከቅርጫቴ ማዶ ተቀመጠች። ለእሷ ባለቤቱ ዞር ያለበት ቅርጫት ነው የሚታያት።

«ጥሩዬ» አልሁ፤ «ወዴት ነው የምትሰጃት?»

እህቴ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «እኔን ትሰማኛለች?» አለች።

«አስቀሪያት። እባክሽ እቴ።» ከመጣሁ ጀምሮ እባክሽ ያልኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶሮ የታቀፈች አንዲት የገጠር ሴት ከእኔ ድንች ገዝታ በመሐላችን ተጠጋግታ ተቀመጠች። ሁለታችንንም ታየናለች። እየላጠች ወደ ልጄ ዞረች።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ዓረብ አገር።»

«እሰይ። እናትሽ እሺ አለች?»

«እናቴ የለችም። እዚያው ነው የሞተች።»

ሴትዮዋ ድንቹን ከአፏ መለሰችው። «እናትሽ ከሞተችበት አገር? ማንን አስፈቅደሽ?»

ልጄ ዝግ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና «እሷስ ማንን አስፈቅዳ ሄደች?» አለች።

ድንች የምልጥበት እጄ ላይ ዓይኗ አረፈ። ቢላዋዬ ቆመ። እጄን አየች፤ ከእጄ በላይ ያለውን ፈለገች፤ አልነበረም።

እህቴም አይታ ነበር። ፈጥና መጣች። «ተይ ስመኝ። ሙት አይወቀስም። እናትሽ ላንቺ ስትል ነው የሄደች። ግንባርሽን ስማ፣ እያለቀሰች ነው የተለየችሽ፤ እኔ ቆሜ አይቻለሁ።»

የልጄ ዓይን ረጠበ። እጄ ላይ የነበረው ዓይኗ ተንሸራቶ ቅርጫቱ ላይ ወደቀ። ጠፋሁ። ያን ጊዜ ተነሥቼ የእህቴን ነጠላ ጨበጥሁ።

«ውሸት ነው ጥሩዬ። አልሳምኋትም። አንቺም አልነበርሽም። አንድ ጊዜ እንኳ እውነቱን ተናገሪ።»

ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው የቀረው» ይላል። እህቴ ነጠላዋን ልታስለቅቅ ሳበች፤ አልለቀቅሁም። ያን ጊዜ ነው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ ፊቷን ወደ እኔ ያዞረችው።

«እውነቱን ልንገርሽ? ሐሙሲት ገበያ ሽንኩርት ላመጣ ነው አልሽኝ። እኔ ሞኟ ሽንኩርት ስጠብቅ ዋልሁ። ልጅቱ እማዬ የታለች ስትለኝ ነገ ትመጣለች አልኋት። በነገታውም ነገ አልኋት። አልሳምሻትም። እኔንም አልሳምሽኝም። ያሳደግሁሽ እኔ፣ ለሰው ወግ እንኳ ደህና ዋይ አላልሽኝም። እኔ ሰው አይደለሁም?»

አልጋ ላይ በተዘረጋው ቀሚሴ ፊት ያልወጣው እንባ ያን ጊዜ ወጣ። ያን ሁሉ ዘመን አፍና ይዛው ነበር። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እንደገና ብታይ ፊቴን አላገኘችውም። በግራዬ አየች፣ በቀኜ አየች። «የት ሄደች?» አለች። ነጠላዋን አሁንም ይዤዋለሁ፤ ሚስማር የያዘው መስሏት ቀስ ብላ ከአግዳሚው ጠርዝ ልታላቅቀው ሞከረች። ለቀቅሁላት።

ልጄ ቆማ ነበር። «አልሳመችኝም?» አለቻት አክስቷን።

«አልሳመችሽም ልጄ።»

ልጄ ወደ አግዳሚው ዞረች። «ሽንኩርት?» አለች። «በሽንኩርት ነው የተለየሽኝ? ጥርሴ ሲወልቅ ማን ቆርቆሮ ላይ ወረወረልኝ? ጡቴ ሲወጣ ማንን ጠየቅሁ? ሰው ሁሉ እናትሽ ደግ ነበረች ሲለኝ፣ ደግ ከሆነች ለምን እኔን አልወሰደችም እያልሁ ስንት ሌሊት አደርሁ?» በእያንዳንዱ ቃል ዓይኗ ከፍ እያለ መጣ። መጀመሪያ እጄ ላይ፣ ከዚያ የሹራቤ ክንድ ላይ፣ ከዚያ አንገቴ ላይ። ዝም ማለት ያን ቀን እንደ ከበደኝ ከብዶኝ አያውቅም፤ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲደርስ ቃሉ አለቀባት። አተኩራ አየችኝ።

«አርጅተሻል» አለች።

ረዳቱ መጣ። «እህት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሻንጣሽን ላውርድ?»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። «አውርደው» አለችው። «ገና ከዚህች ሴት ጋር አልጨረስሁም።»

እህቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች፤ አንድ ቀን እንኳ አላየችኝም። ስመኝ አሥር ጊዜ አስረድታታለች። «አክስቴ፣ ትንሽ ውቀሻትና ታያታለሽ» ስትላት «አንድ ጊዜ ወቅሻታለሁ፤ ይበቃኛል» ትል ነበር። ፊቷ ተቀምጬ ያቆየሁላትን ሁሉ ተናግሬያለሁ። መርዶውን አስቸኩለሽ አስነገርሽ አልኋት፤ ቤቴን አልኋት፤ ልጄን አልኋት። እሷ ፈትሏን እየፈተለች «እናኑ ጥሩ ልጅ ነበረች» ትላለች። ሰው እንደሚለው፣ ያን ቀን መናኸሪያ ላይ ለእኔ ብላ ነው የተናገረችው፤ ዓይኗን ለልጄ ሰጠቻት ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። ሊሆን ይችላል። ግን አልቀበልም።

ስመኝ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ባል አገባች፣ ወለደች፤ ደህና ሴት ናት። ክፉው ነገር፣ ዕድሜ ሲገፋ ቁጣዋ እየበረደ መምጣቱ ነው። ባለፈው እግሬን ልታጥበኝ ቁጭ ብላ «አንቺም እኮ ብዙ አይተሻል እማዬ» አለችኝ። ቀና ስትል ዓይኗ ለአፍታ ፊቴን ስቶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ስትወጣ ጠብቄ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትሁት፤ የጉናው ብርድ ገባ፤ ሕፃኑ አነጠሰ።

«እናንተ!» አለች ከጓዳ። «ማነው በሩን የከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ።

መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ልጄን በብርድ ልትገይልኝ ነው? አንቺ ሴትዮ መቼ ነው ሰው የምትሰሚው?»

«ቀጥይ» አልኋት።